የሳሎናችን አምፖል ሽረት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፣ ባሕር ዳር

የሳሎናችን ባለ ስልሳ ዋት ቢጫ አምፖል ከረዥም አገልግሎት በኋላ ዛሬ ከሥልጣኑ ተሽሯል። በምትኩ ባለ ዘጠኝ ዋት ኤልኢዲ ተሹሟል። ሿሚው እኔ ነኝ፤ ብርሃኑ እኩል፣ የሚበላው መብራት ግን ኢምንት ነው ብዬ።

አባባ ዳዊታቸውን ጭናቸው ላይ እንደ ዘረጉ ተቃወሙ። «ጣና ደሴት ላይ በጧፍ የደገምሁ ሰው ነኝ፤ ይኼ ከጧፍም ያንሳል። ጨለማ ሸምተህ መጣህ?»

ለፍርድ እንዲመቻቸው ሁለቱን እያፈራረቅሁ አበራሁላቸው። አዲሱ ሲበራ አሮጌው መስሏቸው፣ «ይኸውልህ፣ አሮጌው ይሻላል አላልሁህም?» አሉኝ።

ሳቅሁባቸው። እሳቸውም ድል አድርገው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ፤ አንድ ቃል ሳይስቱ ያነበንቡት ጀመር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ገጹን አየሁት። ንጉሡ በገና ሲደረድር የተሳለበት ገጽ ነው፤ አንዲት ፊደል የለበትም።

ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሚያነቡ እንጃ። ገጹን ልገልጥላቸው እጄን ሰደድሁና መለስሁት። ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው ምን ይሉኝ ይሆን…

እርማት፦ ከላይ ጨለማው ዛሬ እንደ ተሸመተ የተገለጸው በስህተት ነው። ከአዲሱ አምፖል በፊትም ቤታችን ነበር።