ስድስት ሳምንት በእርምጃ፦ የአቶ ኮርማክ ሄፈርናን የሕይወት ታሪክ

ኳ… ኳ… ኳ… ኳ። አራት ምት፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ። አቶ ኮርማክ ሄፈርናን ዓይናቸው ብርሃን ከማየቱ በፊት ጆሯቸው የሰማው ይህንን እንደ ነበር እናታቸው ወይዘሮ ኖሪን ሲናገሩ ኖረዋል። አባታቸው አቶ ዲኒ አንጥረኛ ነበሩና፣ ያን ሰዓት አዲስ የኮቴ ብረት የመቱለትን ፈረስ መስኮቱ ሥር እያራመዱ ይፈትሹ ነበር።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1947 በሊመሪክ አውራጃ፣ ኪልባራን መንደር ነው። እዚያው በመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ጥቂት ተምረው፣ በአሥራ አራት ዓመታቸው በሃኬት ቤተሰብ የፈረስ ጋጣ ተቀጠሩ። ሌላ አሠሪ አላወቁም።

ሥራቸው በየዓመቱ ያው ነበር። በጋውን ሣር ሲግጡ ከርመው ሆዳቸው የተንዘረጠጠ ፈረሶችን በኦገስት መጀመሪያ ከመስክ ያስገባሉ፤ ፈረሰኞች ከውሾች ጋር የሚወጡበት የቀበሮ አደን በኖቬምበር የመጀመሪያው ማክሰኞ እስኪከፈት ድረስም ለግልቢያ ያበቋቸዋል። መጀመሪያ ስድስት ሳምንት በአስፋልት ላይ እርምጃ ብቻ፣ ጅማት እንዲጠነክር። ከዚያ ዳገት ላይ ሶምሶማ፣ ከዚያ ግልቢያ። ከስድስቱ ሳምንት አንዲት ቀን እንኳ አጉድለው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት አጃ ከመስጠታቸው በፊት ተንበርክከው የእያንዳንዱን እግር ጅማት በሁለት መዳፋቸው ይዳብሳሉ። የጋለ ጅማት የተጎዳ ነውና፣ ሙቀት ካለ እጃቸው ያውቃል።

በ1974 ወይዘሮ ብሪዲ ኩሊናንን አገቡ። በሠርጉ ማግስት ሙሽራዪቱ ባላቸውን ፍለጋ ጋጣ ቢሄዱ ተንበርክከው አገኟቸው።

«አንተ! ለእኔ ሳትንበረከክ ለባዝራ?» አሉ።

«አትጩኺ፣ ታስደነብሪያታለሽ። ይልቅ እጅሽን አምጪ» ብለው መዳበሱን አስተማሯቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጠዋት ጠዋት እግር ይከፋፈሉ ነበር ይባላል። ኑዋላ የተባለች አንዲት ልጅ ወልደዋል።

በመጨረሻው ዓመት የሆነው ግን እስከ ዛሬ ግራ እንዳጋባን ነው። ማክሰኞ የተባለች ዳማ ባዝራ አለች፤ በማክሰኞ ስለተወለደች ነው ስሟ። የጋጣው ባለቤት፣ የሰባ አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ሃኬት፣ በዚያ ዓመት በእሷ ላይ ተቀምጠው አደኑን ሊከፍቱና ከዚያ ወዲያ ላይጋልቡ ቆርጠው ነበር። ስድስቱ ሳምንት ሞልቶ ሶምሶማ ሲጠበቅ፣ አቶ ኮርማክ ባዝራዋን እንደገና በእርምጃ አወጧት።

«ኮርማክ፣ ስንተኛ ሳምንት ላይ ነን?» አሉ ወይዘሮ ሃኬት።

«አንደኛ፣ እሜቴ።»

«ባለፈው ሳምንት ስድስተኛ ነበርን'ኮ! ወደኋላ ነው እንዴ የምትቆጥረው?»

«እሱ አለቀ። ይሄ አዲሱ ነው።»

የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ እግሯን አየ፤ ምንም አላገኘም። ሽማግሌው ቁጥር ጠፋባቸው ያለ አለ። እጃቸው አንድ ነገር አግኝቶ ነው ያለም አለ። ራሳቸው ሲጠየቁ «እንጃ፣ እጄ አላመነም» ብቻ ብለዋል።

ኦክቶበር 4 ቀን ጋጣ ውስጥ ወደቁ። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ባዝራዋን ሌላ ሰው ተረክቦ በሶምሶማ ዳገት አወጣት፣ ጋለበባትም። አላነከሰችም።

አደኑ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ ሃኬት ሆስፒታል መጥተው «ኮርማክ፣ ልውጣባት ወይስ ልተዋት?» ሲሉ ጠየቁ። እሳቸውም ብዙ ታግለው፦

«ማክሰኞ… አ… ትሩጥ» አሉ።

ያቺ «አ» ነገሩን ሁሉ አመሰቃቀለችው። ወይዘሮ ሃኬት «ሲቃ ነው፤ ትሩጥ ነው ያለው» አሉ። ኑዋላ «ኧረ አትሩጥ ነው ያለው!» ብላ ተቆጣች። ደግሞስ ማክሰኞ ያሉት ባዝራዋን ነው ወይስ ቀኑን? መልሰው ቢጠይቋቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቃሉን በቅርብ የሰሙት ጆሯቸውን ባላቸው አፍ ላይ አድርገው የነበሩት ወይዘሮ ብሪዲ ብቻ ነበሩ።

አቶ ኮርማክ ማክሰኞ ኖቬምበር 5 ቀን 2019 ጎሕ ሲቀድ፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ የእህት ልጅ ከኋላቸው ቀርተዋል። አምላክ ከነፍሳቸው ላይ ኮርቻውን አውርዶ፣ ክረምት በማይደርስበት መስክ ይልቀቃት።

በዚያው ማለዳ ወይዘሮ ሃኬት ምንም ሳይሰሙ፣ ለአደን ለብሰው፣ ባዝራዋን አስጭነው ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። ወይዘሮ ብሪዲ ከሆስፒታል በቀጥታ መጡ።

«ብሪዲ፣ ኮርማክ እንዴት አደረ?»

ወይዘሮ ብሪዲ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንበርክከው የባዝራዋን የፊት ግራ እግር በሁለት መዳፋቸው ያዙ። ጅማቱን ከላይ እስከ ታች ዳበሱ። ተነሡና የኮርቻውን ማሰሪያ ፈቱ፤ ኮርቻውን አውርደው አጥር ላይ ሰቀሉት፤ ልጓሙን ከወይዘሮ ሃኬት እጅ ወሰዱ።

«ሙቀት አለው እንዴ? ምን ብሎሽ ነው? ኧረ ተናገሪ!»

ወይዘሮ ብሪዲ ባዝራዋን እየሳቡ በሩን አለፉ፤ አስፋልቱን ይዘው በእርምጃ ሄዱ። ከአጥሩ ወዲያ የሚሰማው ኮቴዋ ብቻ ነበር፤ አራት ምት፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ።