ለእኔና ለሱከር የሚሆን ቤት

ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ደብተሬ ሆይ፣ ቤት ዛሬም አልተገኘም። ከስፌት ቤቱ ወጥቼ እዚሁ ሪያድ ሹመይሲ የሚባል ሰፈር ድረስ ሄድኩ። አንድ መኝታ፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤት። ንጹሕ ነው። ደላላው የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን አየ፣ ጥሩ አለ። ድመት አለችኝ ስለው ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ጉበይራ ሰፈር ያለችው ክፍላችን ለአራት ሴት ድሮም ጠባብ ናት። ድመቴ ሱከር ከመጣች ወዲህ ደግሞ አብራን የምትኖረው አልማዝ ማስነጠስ አላቆመችም። ዓይኗ በርበሬ መስሏል። ክፉ ቃል ግን አልወጣትም።

"ከድጃ እህቴ፣ ወይ እሷ ወይ አፍንጫዬ" አለችኝ ብቻ።

እውነቷን ነው። ወሩ ሳያልቅ እንወጣለን ብያታለሁ።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ስፌት ቤት ሳቁብኝ። ለድመት ተብሎ ቤት ይከራያል? እንዴት ላስረዳቸው። ሳስታምማቸው የነበሩት አሮጊት ሲሞቱ ልጆቻቸው ዕቃውን ተከፋፈሉ። ሱከርን የፈለገ የለም። ባዶው አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ያን ቀን ሁለታችንም መግቢያ አልነበረንም። አቅፌያት ወጣሁ።

አማርኛ እያስተማርኳት ነው። እስካሁን "ነይ" እና "ሥጋ" ገብቷታል።

ሐሙስ፣ ማታ

ዛሬ አፈርኩ። ደላላው ደብቂያት፣ ማን ያያል ቢለኝ ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ በሻሽ ሸፍኜ ሌላ ቤት ለማየት ይዣት ሄድኩ። አከራዩ ስለ ውሃው ሲያስረዳኝ ዘንቢሉ ጮኸ። ሳልኩ። ደግሞ ጮኸ። ሰውዬው ኸላስ፣ በቃ ብሎ በሩን አሳየኝ። ታክሲ ውስጥ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ሁለተኛ አልደብቃትም።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬም ቤት አየሁ።

ባዲዓ የሚባል ሰፈር ነው። ከአናጢ ቤት በላይ፣ ፀሐይ የሚገባው ሳሎን። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው፣ ምድር ቤት ይኖራሉ፤ ኻላ ኑራ ነው የሚሏቸው፣ አክስት ኑራ እንደ ማለት። ገና ሳልቀመጥ ድመት አለችኝ አልኳቸው። ደላላው ጉሮሮውን ጠረገ። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ።

"አይጥ ትይዛለች?"

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር።

"አትይዝም፣ ኻላ። አይጥ ካየች እኔ ላይ ነው የምትወጣው።"

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ተከራይ ሁሉ ይዋሸኛል፣ አንቺ በድመትሽ እንኳ አልዋሸሽም አሉ። ውሉን ልጄ በስልክ ይጨርሰዋል አሉ።

"ያላ፣ ሂጂና አምጫት። ልያት።"

ቅዳሜ

ገባን። ፍራሹን ያወጣችልኝ አልማዝ ናት፣ ደረጃው ላይ እያስነጠሰች። ስትሰናበት ሱከርን ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ፊቷን ልትታጠብ ሮጠች።

እሑድ፣ ጠዋት

ሪያድ ከገባሁ ጀምሮ በሬን ከውስጥ ቆልፌ ስተኛ የትናንቱ የመጀመሪያዬ ነው። ማንም አልጠራኝም። ማንንም አልቀሰቀስኩም። ጠዋት ባዶ እግሬን ከክፍል ክፍል ዞርኩ፣ ያለ ምክንያት።

ሳሎኑ ሌላ ፍራሽ ይበቃዋል። ወሰንኩ። ደሴ ያለችውን እናቴን ለዑምራ አመጣታለሁ፣ ኢንሻአላህ። እኔ ጋ ትቀመጣለች፣ በእንግድነት ሳይሆን በልጇ ቤት። ዛሬውኑ ደውዬ እነግራታለሁ። ድመት ያለበት ቤት አልሰግድም ብትል ኻላ ኑራ ያስረዷታል። አሁኑኑ ልደውል መሰለኝ። ቆይ፣ ሱከር መጋረጃው ላይ ወጥታ መውረድ አቅቷት ትጮኻለች። መጀመሪያ እሷን ላውርድ፣ ከዚያ እደውላለሁ።