ድንኳኑ የተተከለበት መደብ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ሁለት መቶ አሥራ አንድ። አባዬ ችግኞቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ በስልክ ነገረኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለት መቶ አሥራ አራት ነበሩ። «ሦስቱን ዶሮ ጫረቻቸው፤ ዶሮይቱን ቀጥቻታለሁ፤ የቀሩት ሸጋ ናቸው» አለ። እንዴት እንደቀጣት አልጠየቅኩትም።

የዛሬ ሳምንት እናቀርባለን። የአራት ዓመት የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ተጠቃሎ ይኼ የኢንተርፕረነርሺፕ ፕሮጀክት ላይ ወደቀ። ትዕግስትና እኔ የመረጥነው የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ አፍልቶ መሸጥ ነው፤ በኮሶ እንጀምራለን። አገራችን ኮሶዬ ውስጥ ዛሬ የኮሶ ዛፍ ለማየት ቤተ ክርስቲያን ግቢ መግባት ያስፈልጋል፤ ሌላው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። መምህራችን ቁርጡን ነግረውናል፤ ችግኙን በዓይናቸው ሳያዩ በወረቀት ብቻ አያሳልፉንም።

ዘሩን ቄሱን አስፈቅዶ የለቀመው አባዬ ነው። ከቤታችን ጀርባ የችግኝ መደቡን የሠራው፣ የሣር ጥላ ያለበሰው፣ ጣሳ በምስማር በስቶ የሚያጠጣውም እሱ ነው። እኔ የችግኝ ላስቲክ ልኬ ተቀመጥኩ። «ኮሶ ለመትከል ነው አራት ዓመት የተማርሽ?» እያለ ይቀልድብኛል። ለጎረቤት ግን አንዷንም አላሳየም፤ የሰው ዓይን ይበላቸዋል ብሎ። እኔም ስቄበት ዝም አልኩ።

ሲያወራኝ ያስል ነበር። ጤና ጣቢያ ሂድ ብለው «ከችግኙ በኋላ» አለኝ።

የሚያሳስቡኝ፦ ስላይዱ አላለቀም። ችግኞቹን የሚያመጣ መኪና። መንገዱ ይዘጋ ይሆን? የአባዬ ሳል።

ሳሉን መጨረሻ ላይ እንደጻፍኩት አሁን አየሁት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

አጎቴ ገና ሳይነጋጋ ደወለ። እዚሁ ከተማ፣ ቁስቋም ነው የሚኖረው፤ መሪጌታ ነው። «ነይ፣ ቁርስ አብረን እንብላ» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ። በሰኔ ጾም፣ በረቡዕ ቀን፣ መሪጌታ ለቁርስ ሰው አይጠራም። ምስኪን፣ ውሸት አያውቅበትም።

በሩ ላይ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። መርዶው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መጻፍ አልችልም።

አባዬ ትናንት ረፋዱ ላይ ሞተ። ትናንትናውኑ ቀበሩት። መንገዱ ዝግ ስለነበረ እኔን አልጠበቁኝም። ዛሬም ዝግ ነው።

ትዕግስት ከአዘዞ መጥታ እጄን ይዛ ዋለች። ስለ ሰኞ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ግን አስቤያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለቅሶ መሀል ተቀምጬ «አሁን ማን ያጠጣቸዋል?» ብዬ አስቤያለሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

መንገዱ ትናንት ተከፈተ፤ ለሣልስቱ ደረስኩ።

ደግፈው ወሰዱኝ። ደጃችን ቁልቁለት ስለሆነ የዕድሩ ድንኳን የተተከለው ከቤቱ ጀርባ ነው። እዚያ ያለው ደልዳላ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የእኛ መደብ። የጥላውን ሣር አፍርሰው ለቀስተኛው እንዲቀመጥበት ጎዝጉዘውታል። ችግኞቹ ከግድግዳው ሥር አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ማገዶ ተቆልለዋል። ሁለት ቀን ፀሐይ በልቷቸዋል።

ጮኽኩ። አፌ «ወይኔ አባዬ» ይላል፣ ዓይኔ ግን ቁልሉ ላይ ነው። ሴቶቹ አብረውኝ አለቀሱ። አንዷ «አባቷን እንዴት ብትወደው ነው» ስትል ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰው ሲበተን አያ ታከለን ማን እንዳነሳቸው ጠየቅኩት። አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን ነው፤ የአባዬንም መቃብር ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው። «እኔ ነኝ ልጄ። አረም የበቀለበት ላስቲክ መስሎኝ» አለ። ኮሶ መሆኑን፣ የትምህርቴ መጨረሻ እሱ መሆኑን ነገርኩት። ቆቡን አወለቀ። «ምነው ሳይነግረኝ? ከአንድ ውሃ እየጠጣን» አለ።

ምን ብዬ ልቆጣው? አባቴን አልቅሶ የቀበረልኝን ሰው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

እማዬ ሰምታ ነበር። ላስቲኮቹን ሲያነሱ፣ ሲወረውሩ፣ በግድግዳው በኩል ትሰማ ነበር። ግን ባሏ ሞቶ፣ መሬት ተቀምጣ፣ በሰው ተከብባ «ችግኙን ተዉ» ብትል ምን ይሏታል? «አፌን ያዝኩት» አለችኝ። «አባትሽ ይቆጣኛል።»

«አይቆጣሽም» አልኳት። ይቆጣት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋትም እነሱን አጠጥቶ ነው ደከመኝ ብሎ ጋደም ያለው።

ሁለታችን ቁልሉን አንድ በአንድ ለየነው። በሕይወት ያሉት ሃያ ሦስት ናቸው። እማዬ ሦስት ጊዜ ቆጠረች፤ ቁጥሩ አልጨመረም።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

አቀረብን።

ትናንት አያ ታከለ አሥራ ስድስቱን በቅርጫት ተሸክሞ አስፋልቱ ድረስ አወጣልኝ። ሰባቱ መንገድ አይችሉም ብዬ ተውኳቸው። መኪናው እስኪመጣ አብሮኝ ቆመ።

ጥቁር ለብሼ ክፍሉ ፊት ቆምኩ። መምህሩ ቅርጫቱን አይተው «ዕቅዳችሁ ከሁለት መቶ በላይ ይላል» አሉ። ትዕግስት ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። «ስጋቶች» በሚለው ስላይድ ላይ ውርጭ፣ ድርቅ፣ ምስጥ፣ ልቅ ግጦሽ ብለን ነበር። ድንኳን አላልንም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አባቴ ከሰው ዓይን ደበቃቸው፤ እኔም ተማርኩ ባይዋ ዝም አልኩ፤ ጎረቤት ቢያውቃቸው ኖሮ ራሱ ይጠብቃቸው ነበር አልኩ። አላለቀስኩም።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አንዷን ችግኝ አንስተው ሥሯን አዩ፤ ቀስ አድርገው መለሷት። «ውጤቱ ዓርብ ይለጠፋል» አሉ። ትዕግስት እናልፋለን ትላለች። እኔ እንጃ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አያ ታከለ ደወለ። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ጥላውን መልሶ ሠርቶታል፤ ሰባቱን ከሥሩ አስቀምጧቸዋል። «አባትሽ በቀን ስንት ጣሳ ነበር የሚያጠጣቸው?» አለኝ።

ዕቅዳችን ላይ በሊትር ተጽፏል፤ ከመጽሐፍ የቀዳሁት ነው። አባዬን ግን አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። «እናትሽም አላውቅም አለችኝ» አለ አያ ታከለ።

«ለሰባቱ አንድ ጣሳ ይበቃቸዋል» አልኩት። ይብቃቸው አይብቃቸው አላውቅም።

ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ተማሪው በአጠገቤ ይወጣል ይወርዳል። የዛሬው ለቅሶ ለአባዬ ነው።