ጀንፈል መሃል የደረቀ ቆዳ

ታኅሣሥ 4 ቀን 2005 ዓ.ም.

ቆዳው ሳይሰነጠቅ ደረቀ።

ዘይኔ፣ ሞት ከለየን አሥራ አንድ ወር ሊሞላ ነው። እስከዛሬ ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ነገር ስላልነበረኝ ነው። ዛሬ አለኝ።

ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን የጓዳ ቆርቆሮ ቀየርኩት፤ ያን ያህል ስትጨቀጭቂኝ ኖረሽ አንቺ ከሄድሽ በኋላ መሆኑ ያሳፍራል። ልጃችን ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ የሠራሁትን ወጥ ቀምሳ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ከዚያ ትበላዋለች።

የፊት ለፊቱን ሥራ ቤት ግን ለባጃጅ ጠጋኝ ላከራየው ነበር። ሰውዬው ሁለት ጊዜ መጥቶ ለክቶታል። ካንቺ ወዲህ አንድም ማሲንቆ አልጨረስኩም። ሣጥኑን እገጥማለሁ፣ አንገቱን እተክላለሁ፣ ቆዳው ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ሰው ሁሉ «የከድር ማሲንቆ» ሲል፣ ቆዳውን የምትፍቂውም የምትወጥሪውም አንቺ መሆንሽን ከሰፈራችን ከመንደራ ቆጪ ውጭ የሚያውቅ አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። አንገቱ ላይ በጋለ ብረት የምተኩሰው «ከ» የኔ ብቻ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ሰሚራ አስተማሪዋን ይዛ መጣች። ህንዳዊ ነው፣ አማርኛውን ከተማሪዎቹ የለቀመ። በብርድ ልብስ የጠቀለለውን ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ይሄ ታሟል» አለኝ። ሳራንጊ ይባላል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ሆዱ በፍየል ቆዳ የተሸፈነ፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ። ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። ክሮቹን ስቆጥር ሠላሳ ላይ ተውኩት። «እኛ በአንድ ክር የጨረስነውን እናንተ ይህን ሁሉ ምን አስለፋችሁ?» ብዬ ቀለድኩበት። አልተቀየመኝም። «ሦስቱ ይዘፍናሉ ጋሼ። ሌላው ጎረቤት ነው፤ ይሰማል፣ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። ብትሰሚው ትስቂ ነበር።

ከአባቱ የወረሰው ነው። የሥራ ውሉ አልቆ በዚህ ወር ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ድምፁ የጠፋ ዕቃ ይዞ እናቱ ፊት መቆም አልፈለገም። «ቆዳ አንተ ነህ የምትሠራ?» ሲለኝ አዎ አልኩ። ሰሚራ መሬት መሬት አየች። እነሱ እንደወጡ ለራሴ ማልኩ፤ ይህን ካልቻልኩ ሥራ ቤቱን ለጠጋኙ እለቃለሁ።

የመጀመሪያውን ቆዳ እንዳንቺ ነከርኩ፣ ጠጉሩን ፋቅሁ፣ ወጠርኩ። ኅዳርን ዘንድሮ ዝናብ ስላልለቀቀው ምድጃው አጠገብ አቆምኩት። በሦስተኛው ቀን ቁርስ እየበላሁ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። እንጨቱ ተረፈ፣ አልሃምዱሊላህ። ሁለተኛውን ከእሳት አርቄ መኝታ ቤት ሰቀልኩት። ያኛው ደግሞ ላበ፣ ረገበ፤ ሳንኳኳው እንደ እርጥብ ካርቶን ዱብ አለ።

የአንቺ ቆዳ ምን ያህል ይሳሳ እንደነበር ልይ ብዬ ከመደርደሪያው የመጨረሻውን ማሲንቆሽን አወረድኩ። ቆዳውን በቢላ ማንሳት እጄን ከብዶት ነበር። ጫፉ ከታጠፈበት ሥር ጥፍር የምታክል የደረቀች የቡና ቅርፊት ተለጥፋ አገኘሁ።

ቁጭ አልኩ። ከየቡ ከቤተሰቦችሽ የሚመጣውን ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ የምታስቀምጪባት የጓሮ መጋዘን ትዝ አለችኝ። የተወጠረውን ሁሉ እዚያ ጆንያ መሃል ትሰቅይው ነበር። እኔ የቦታ ችግር ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ቡናው ቆዳ ቆዳ ይሸታል ብዬ የተጣላሁሽ ቀን አለ፤ አንቺ በሩን ዘጋሽው። ለካ ደረቁ ጀንፈል እርጥበቱን ቀስ አድርጎ ይስበዋል። ከእናትሽ የተማርሽው ይሁን ራስሽ የደረስሽበት፣ አልጠየቅኩሽም። አንቺ እንደሄድሽ መጀመሪያ ያደረግኩት ደግሞ ያችን መጋዘን ባዶ ማድረግ ነበር። ጆንያዎቹን ማየት ስላልቻልኩ ወደ የቡ መለስኳቸው።

ጎረቤታችን ሐጂ ጋ ሄድኩ። መጋዘናቸው ዘንድሮ በጀንፈል ጢም ብሏል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ያ ከድር! ዘይነባ ሃያ ዓመት ስትሰቅል አንተ የት አገር ነበርክ?» አሉኝ። እዚያው ነበርኩ። «ግባ፣ ስቀል። ለሷ ስል ነው እንጂ ላንተስ አልከፍትም» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ሦስተኛውን ቆዳ ወጥሬ ሳራንጊውን እዚያ ሰቀልኩት። ዘጠኝ ቀን በሩን ስከፍት ስዘጋ ከረምኩ።

ዛሬ ጠዋት በጣቴ መታ ባደርገው መለሰልኝ።

መምህሩ ወዲያው መጣ። ጎረቤት ያላቸውን ክሮች ገና አላሰራቸውም፤ ሦስቱን ዘፋኞች ብቻ ወጥሮ ደጋኑን ሳበ። እኛ ክሩን በጣት ሆድ እንነካለን፣ እሱ በጥፍሩ ሥር ይገፋዋል። ድምፁ ግን የምናውቀው ዓይነት ነው፤ ሰው አፉን ሳይከፍት ሲያንጎራጉር ይመስላል። «ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ» አለኝ። እጁ የኔ እንዳልሆነ ነገርኩት። ስለ መጋዘኗም ስለ ቅርፊቷም ነገርኩት። ለእናቱ ሊያወራላት ስምሽን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ጠጋኙን ሌላ ቤት ፈልግ ብዬዋለሁ። ሰሚራ የቡ ደውላ አጎቷን ጆንያዎቻችንን መልሱልን ብላዋለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ። ከእንግዲህ በምሠራው ማሲንቆ ሁሉ አንገት ላይ ሁለት ፊደል ይተኮሳል፤ የአንቺ «ዘ» ትቀድማለች። ዓይኔ እስካየ ድረስ አልዘላትም።

«ዘ» ያለበት የመጀመሪያው ማሲንቆ ተሠርቷል። ሐጂ መጋዘን ተሰቅሏል፣ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይቀረዋል። ሐጂ ግን ጀንፈሉን ዛሬ ወደ መፈልፈያው ሊልኩ ነው። ይኸው አይሱዙው በራቸው ላይ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እሳቸውም «ያ ከድር፣ ማሎ እባክህ፣ ና ሚስትህን አውርዳት፣ ልንጭን ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። ማሲንቆውን ነው ሚስትህ የሚሉት። የየቡው እስኪመጣ ሁለት ጆንያ እንዲያስቀሩልኝ ልለምናቸው ነው። ደግሞ ጠሩኝ። ወጣሁ።