ላሜራው አሁንም ጭጋግ አለበት

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1998

ሙቀት። መስኮት ብዘጋ እቀቀላለሁ፣ ብከፍት አሸዋ እበላለሁ። ከፈትኩ። ፈረንሳይ ከተሸነፈችበት ከእሁዱ የዋንጫ ጨዋታ ወዲህ የትራንዚት ቢሯችን ፈረንሳዊ አለቃ ድምፁ ጠፍቷል። ሁለት ቀን ሙሉ አልጮኸብኝም። ኳስ ጥሩ ነገር ነው።

ጓደኛዬ ደምመላሽ መጣ። ከባድ መኪናው ካምቢዮው ተበላሽቶ ጋራዥ ገብቷል፤ እስኪጠገን እኔ ክፍል ያድራል። የቀኝ ስፖኪዮው መስታወትም የለም።

«ምን አገኘው?»

«ከተማው መውጫ፣ ፒኬ 12 መታጠፊያው ላይ ምሰሶ መታኝ።»

ምሰሶው ነው የመታው። እኔ ጅቡቲ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ እዚያው የቆመ ምሰሶ…

ሐሙስ፣ ሐምሌ 6

ሰፈራችን 7 ቢስ ውስጥ ካለው መስታወት ቆራጭ ጋ ሄድን። ባሺር ይባላል፣ የመናዊ ነው። ቆረጠለት። ደምመላሽ ፀሐይ ላይ ይዞ አገላበጠው።

«ደብዛዛ ነው። የቻይና።»

ሌላ ቆረጠለት። እሱም የቻይና ሆነ። ባሺር በሦስት ቋንቋ ሰደበን። አማርኛው እንከን አልነበረውም።

ስንመለስ፣ «የዛሬ መስታወት ከድሮው ጋር አይገናኝም። ራሴ እሠራዋለሁ» አለ። ከምን? ከብረት። አባቱ ድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ሲሠሩ ላሜራ እያሹ የፂም መላጫ መስታወት ያወጡ ነበር አሉ። የጥንት ሰዎችም የነሐስ መስታወት እንደነበራቸው ነገርኩት። እነሱ ግን ከነተሳቢው ወደ ኋላ አይነዱም ነበር፣ አልኩት። አልሳቀም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 8

ላሜራው ተገኘ። ከማዕከላዊ ገበያ ጀርባ፣ ከተዘጋ ምግብ ቤት የወጣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ቁራጭ። የማይዝገው ዓይነት፣ እዚህ ኢኖክስ የሚሉት።

ሥራው እንዲህ ነው። ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት በውሃና በሳሙና፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ። ቀጥሎ ለስለስ ያለ ወረቀት፣ በመስቀለኛ፣ የፊተኛው ጭረት እስኪጠፋ። ከዚያ የባሰ ለስላሳ፣ እንደገና በመስቀለኛ። ከብረቱ የሚወጣው ጥቁር ጭቃ አንሶላዬን፣ ጣቴን፣ የሻይ ብርጭቆዬን ይዟል።

ድምፁ አላስነብብ ሲለኝ መጽሐፌን ዘግቼ አብሬው አሸሁ። ማንም አልለመነኝም። ለምን እንዲህ አደርጋለሁ?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 11

አሸን። ክንዴ የሌላ ሰው ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 14

ዛሬ በማወልወያ ቅባትና በአሮጌ ካናቴራዬ። (አሮጌ መሆኑን የወሰነው እሱ ነው።) ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ጫት ይዞ ዝም ሲል፣ ከብረቱ ውስጥ አንድ የሰለቸው ሰው ብቅ አለ። እኔ ነኝ። ቅንድቤ ሳይቀር ይቆጠራል።

«አለቀ!» አልኩት።

ላሜራውን አፍንጫው ድረስ አስጠጋው። «ጭጋግ አለበት።»

«የታለ?»

«አንተ ምን ታውቃለህ፣ ወረቀት ነው የምታየው።»

ሰኞ፣ ሐምሌ 17

አሁንም ጭጋግ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ምነው አንድ ቀን እንኳ የበላበትን ሳህን ባጠበ።

ካምቢዮው ተጠግኗል። ቅዳሜ ማዳበሪያ ጭኖ ይወጣል። ባለመኪናው ከናዝሬት ደውሎ ሲጮህ ድምፁ እኔ ጋ ይሰማል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 19

የቤት አከራያችን ሱሪያ ውሃ ልትዘጋብን መጣች። ሁለት ጠጉራም ወንድ ይህን ያህል ውሃ ምን ያደርግለታል? ብላ ስትጮህ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ላሜራ አየች። ሻሿን አስተካከለች። ከጡቷ ሥር ኩሏን አወጣች። ጎንበስ ብላ ተኳለች፣ አንዱን ዓይን፣ ከዚያ ሌላውን።

«ወላሂ፣ ከእኔ ቤት መስታወት ይበልጣል!»

«አታሹፊ፣ ሱሪያ፤ ገና ጭጋጉ አልለቀቀም» አለ ደምመላሽ።

«የቱ ጋ?»

ቀረብ ብሎ በጣቱ አሳያት። ጣቱ ያረፈው ላሜራው ውስጥ በሚታየው የተኳለ ዓይኗ መሀል ነው። ሱሪያ ጣቱን አየች። እሱን አየች። እኔን አየች። ውሃውን ሳትዘጋ ሄደች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 20

ቢሮ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የማስበው ያን ጣቱን ነው። ሰሞኑን በር ላይ ስደርስ፣ «ሽብሩ ነህ?» ይለኛል። ቤቱ የእኔ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል? ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ይከታል። ባለጌ ነው ብዬ ነበር። ባሺርን ይቅርታ መጠየቅ ሊኖርብን ነው…

ከዚህ እስከ ድንበሩ ጋላፊ ስንት ፍየል፣ ስንት ውሃ የሚሸጥ ልጅ፣ ስንት ሚኒባስ መንገድ ያቋርጣል? ከኋላው አርባ ቶን ማዳበሪያ። ራሱስ ቢሞት?

ብነግረው መሪውን እነጥቀዋለሁ። ከመሪው ሌላ ምን አለው? ሚስቱ እንኳ የምታውቀው በመኪናው ጥሩንባ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 21

ጠዋት ላሜራውን በጨርቅ ጠቀለለው። «እንዳለ እገጥመዋለሁ። ጭጋግም ቢኖረው መንገዱን አውቀዋለሁ።»

«ብረቱ አልቋል፣ ደሙ።»

«አላለቀም።»

«ካለቀ ሳምንት ሆነው። እኔ እላጭበታለሁ። ሱሪያ ተኳለችበት።»

ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ቬንትላተሩ ዞረ። ይሳደባል ብዬ ጠበቅሁ። ይማታ ይሆናል ብዬም ትንሽ ራቅ አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር።

«የባሺር መስታወትስ?»

«ደህና ነበር።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ጥቅሉን በመዳፉ ዳበሰው።

«ምሰሶውም?»

«ምሰሶውም።»

የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ዘረጋልኝ። ትንሽ ወደ ግራዬ ነበር የዘረጋው። ሄጄ ተቀበልኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 22

ቴዎ የሚባል ሾፌር ተገኘ። ስፖኪዮው ላይ የባሺርን መስታወት ገጠመ። ቻይናን አላነሳም።

ደምመላሽ በረዳት በኩል ወጣ። ደረጃውን በዚያ በኩል አያውቀው፣ ሁለቴ ሳተው። አዲስ አበባ ሐኪም ያየዋል። የዓይን ሞራ ከሆነ ይነሳል ይላሉ። ካልሆነስ? ላሜራውን ለእኔ ትቶታል። ከመውጣታቸው በፊት በመስኮት በኩል፣ «ቴዎ፣ መታጠፊያው ላይ ምሰሶ አለ» ሲል ሰማሁት።

ክፍሉ ሰፋ። መጽሐፌን ገለጥኩ። ፀጥታው አላስነብብ አለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1999

በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ደምመላሽ። በር ላይ ቆሞ፣ «ሽብሩ ነህ?» ሳይል አየኝ። ደጋግሞ አየኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?»

«ቀስ እያልኩ። አንተ ስትነዳ።»

ሁለቱም ዓይኑ ተሠርቷል። ቴዎ ከድሬዳዋ መገንጠያ ጀምሮ መሪውን ለቆለታል። ምሰሶውን እንዴት አለፍከው? ስለው፣ «ቆሟል፣ ሰላም አልኩት» አለ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ላሜራ አየ። አወረደው። ወደ መስኮቱ ወስዶ አጋደለው። ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን ነው አለቀ ያልከኝ?»

«ምን ሆነ?»

«ጭረት በጭረት ነው እኮ! ይኸው፣ ከመጀመሪያው ወረቀት የቀረ። ይኸው ሌላ። ዕውር ነህ እንዴ?»

መነጽሬን አድርጌ ወደ ብርሃኑ አየሁ። አለ። ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጫጭን መስመር። ሦስት ወር ሙሉ ስላጭበት የፊቴ መስሎኝ ነበር።

ኮቱን አውልቋል። «ከሻካራው እንጀምራለን» አለ። እንጀምራለን! መደርደሪያዬ ላይ ዓይኑን ሲያንከራትት ካናቴራዬን እያየ እንደሆነ ገባኝ።

ሱሪያ ከግቢ ሆና ስለ ውሃው መጮህ ጀምራለች። ቧንቧውን ገና አልከፈትነውም።