የሙዳዩ ክዳን

ሰኞ፣ መስከረም 19
ውሃ መጣች። ሦስቱንም ጀሪካን ሞላሁ። ከዚያ ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ እትዬ ገበያነሽ ፊት ተቀመጥኩ። እማዬ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ስለ ወገኖቿ የሚያውቅ ከዚህች እህቷ በቀር ማንም አልቀረም። እሷም ኅዳር 1 ደብረ ብርሃን ልጇ ጋ ጠቅልላ ልትሄድ ነው።
«እማዬ በልጅነቷ ምን ዓይነት ነበረች?»
«ደኅና።»
«አያታችሁስ?»
«ሰው ናታ።»
ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስሠራ ባለሥልጣን እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም።

እሑድ፣ መስከረም 25
ጥፋት ሠራሁ። እማዬ ክዳኑን ሳትጨርስ የተወችው ሙዳይ አለ... ነጭ አክርማ፣ ቀይና ጥቁር አለላ። ፎቶ ላነሳው ፈለግኩ። አቧራ ነበረበት። ክዳኑን ዘፈዘፍኩት። ቀዩ ለቀቀ፤ ነጩ በሙሉ ቀላ። ደግነቱ ሙዳዩን ገና አልነካሁትም።
እትዬ ዓይኗ ደክሟል። ክዳኑን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው።
«ማን አጠበው?»
«እኔ።»
«በምን?»
«በኦሞ።»
«ሸሚዝ መሰለህ? ስፌት ይጠረጋል እንጂ ይዘፈዘፋል?»
ምሳ አልበላችም። ምን ነካኝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
«ይፈታል» አለች ቁርስ ላይ። የተበላሸው ዙር ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። እሷ አታይም... ስለዚህ ሰፊው እኔ ነኝ!
ሳሪስ ገበያ ሄድኩ። አክርማና አለላ የምትሸጠው ሴት «ለባለቤትዎ ነው አባቴ?» አለችኝ። ለራሴ ነው አልኳት። ጎረቤቷን ጠርታ እኔን አሳየቻት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ወስፌው አውራ ጣቴን ሁለቴ ወጋኝ። እትዬ እያንዳንዱን ዙር በጣቷ ትዳስሳለች። «ላላ። ፍታው።» «ጠበቀ። ፍታው።»
አራተኛው ዙር ላይ፣ ሳልጠይቃት፣ «አያታችን ወለተ ሐና ግራኝ ነበረች» አለች። ቀጠለች... ባሏ ይመር። አምስት ልጆች። ሁለቱን ፈንጣጣ ወሰዳቸው። ብዕር ላነሳ ስል፦
«እጅህን ከስፌቱ ካነሳህ ዝም እላለሁ።»
«ለምን?»
«ፖሊስ ጣቢያ የቀረብኩ ይመስለኛላ!»
ለካ እንዲህ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ዕድሜ ልካቸውን ያወሩት እየሰፉ ነው። አሁን ጋደም ብላለች። የሰማሁት ሳይጠፋኝ እዚህ እየገለበጥኩ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
የይመር እህት... ፅጌ ናት ወይስ ፀሐይ? ጠየቅኳት። «ስትሰፋ እነግርሃለሁ።»

እሑድ፣ ጥቅምት 16
እህቴ እፀገነት ከመካኒሳ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሳቀች።
«አዘጋጁ ምትኩ ስፌት ጀመረልን!»
«ሳቂ። ሌላም ወስፌ አለ።»
ተቀመጠች። እማዬን ስፌት ያስተማረቻት ወለተ ሐና መሆኗን ጠየቀች፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናስበው። እትዬ በሳቅ ሞተች።
«ወለተ ሐና? እሷ ስፌት ስታይ ትሸሻለች! እናታችሁ ከወሎ ስትመጣ ወስፌ ይዛ አታውቅም። ያስተማረቻት ሩቂያ ናት፣ ነፋስ ስልክ ጎረቤታችን የነበረችው። የሙፊዳ እናት። አባታችሁ የሞተ ጊዜ እናታችሁ ሦስት ወር ሰው አላናገረችም። ሩቂያ በየቀኑ ትመጣለች። አይዞሽ አትልም፣ ምንም አትልም። አጠገቧ ቁጭ ብላ ትሰፋለች። አንድ ቀን እናታችሁ እጇን ዘረጋችላት። በቃ።»
እፀገነት አንገቷን ደፋች። ያኔ እኔ አራት ዓመቴ ነበር፣ እሷ ገና ትታዘል ነበር። ማናችንም አናስታውስም።
ስለ ቤተሰባችን የምጽፈው ማስታወሻ መግቢያ ላይ «ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ሙያ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። እንኳን አልታተመ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29
የሩቂያን ልጅ ሙፊዳን አፈላልጌ አገኘኋት። ከነፋስ ስልክ አልወጣችም። ዛሬ መጣች። ከእትዬ ጋር አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ ክዳኑን አነሳች።
«ይሄን ማነው የሰፋው?»
«እኔ።»
«ምትኩ ሙት፣ የመኪና ጎማ ነው የሚመስለው!»
እትዬ «ተይው፣ ይጠነክራል» አለች። ያመሰገነችኝ በዚህ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 1
እትዬ ጠዋት ሄደች። መኪናው ውስጥ ሆና፣ «ፀሐይ ናት። የይመር እህት» አለችኝ። ወስፌ አልያዝኩም ነበር።
ሠላሳ አንድ ስም አለኝ። በሦስቱ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌያለሁ። ክዳኑ ሁለት ዙር ይቀረዋል።
ከሰዓት የዘር ሐረጉን በትልቅ ወረቀት ገለበጥኩ። ሩቂያን የት ላስገባት? እፀገነት በስልክ «ሥጋ አይደለችም እኮ» አለች፤ ቀጥላ ደግሞ «ግን ያለሷ እማዬን ማን ይመልሳት ነበር?» ቦታ ፈለግኩ። ከእማዬ ጎን ያለው የወረቀቱ ጠርዝ ነው። ሌላ ወረቀት ለጠፍኩበት።
ለሙፊዳ ደወልኩ።
«የእናትሽ እናት ስም ማን ነበር?»
«እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»
ነገረችኝ። በትክክል መስማቴን አረጋገጥኩ፣ ጻፍኩት። ሞሚና።