ዳክዬ እያልኩ የሳቅሁባት

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ከሰላምታው በፊት አንድ ይፋዊ መግለጫ አለኝ፤ ብትችዪ ቆመሽ አንብቢው። ካልሲ ሲበሳ፣ አንሶላ ሲቀድ፣ ቤቱን ሲያስጨንቅ የኖረው የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሥልጣኑ ወርዷል። ርክክቡ በሰላም ተጠናቋል። ደም አልፈሰሰም፤ እኔ ግን ትንሽ ጮኼያለሁ።

አሁን ሰላምታው፦ እንዴት ነሽልኝ? የሠርጉ ሩጫ አላከሳሽም? እጮኛሽስ፣ ያ ረጅሙ፣ ዛሬም በር በገባ ቁጥር ግንባሩን ይመታል? እኛማ ደህና ነን ልልሽ ነበር። ግን ደህና ብንሆን ኖሮ መች እጽፍልሽ ነበር፤ ስንፍናዬን ታውቂው የለ?

ከጤና ጣቢያው ቤት ለቤት እየዞረች የአዛውንቶችን እግር የምታይ ነርስ አለች። ስኳር አለበት ተብሎ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። መጣች፤ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ሞላች፤ እንደ ማዕድን ቆፋሪ ግንባሯ ላይ መብራት አስራ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። "ልጄ፣ ወርቅ ካገኘሽ እንካፈላለን" አልኳት። ሳቀች። ጥፍሬን ቆርጣ፣ ሞርዳ፣ የጣቶቼን መሃል አንድ በአንድ አደራርቃ ስታበቃ፣ "አባባ፣ ይኼን ጥፍር ምን እያበሉ ነው ያሳደጉት?" አለችኝ። "በጡጦ ነው" አልኳት። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበርን።

ይኼኔ ሴት አያትሽ ፎጣ ይዛ ገባች። ነርሷ ሞረዷን አስቀምጣ አረማመዷን አየችው። "እማማ፣ እስቲ እርስዎም አረፍ ይበሉና እግርዎን ልየው" ብትላት፣ "የኔ ደህና ነው፤ እሱን ጨርሺ" አለች። እኔ ደግሞ ተመልካች ካገኘሁ መቼ ያስችለኛል? በባዶ እግሬ ብድግ ብዬ፣ ወገቤን ይዤ፣ መቀመጫዬን ግራና ቀኝ እየወረወርኩ ያንን የምታውቂውን የዳክዬ አካሄድ ሠራሁላት። "አትድከሚ፤ የኔ ዳክዬ አረማመዷ እንዲሁ ነው። እርጅና ነው" አልኳት።

ነርሷ አልሳቀችም። "አባባ፣ ይቀመጡ" ብቻ አለችኝ፣ ልጅ እንደሚቆጡት አድርጋ። አያትሽን በግድ አስቀምጣ ካልሲዋን ቀስ ብላ ስታወልቀው ከውስጡ ጥጥ ወጣ። ጥጡ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቋል፤ ውሃ እያንጠባጠበች አላቀቀችው። የአውራ ጣቷ ጥፍር ጎኑ ታጥፎ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል፤ ዙሪያው አብጦ ቀልቷል። መርገጫዋ ላይ ደግሞ እንደ ጠጠር የደረቀ ቆዳ አለ። እኔ ከዚህች ሴት ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የምተኛው። አላየሁትም።

"ይኼን ይዘው ነው የሚራመዱት? ምነው ሳይናገሩ?" አለቻት ነርሷ።

አያትሽ ወደኔ ሳትዞር፣ "ለማን ልናገር? ለእሱ? ነገ ይኼንንም ጨምሮ ለልጆቹ ሊሠራላቸው!" አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አያትሽ ሠርጉ ላይ አልገኝም ስትል፣ "አያቴ ሠርጌን ጠላችው እንዴ?" ብለሽ ማልቀስሽን እናትሽ ነግራኛለች። ደም ግፊቴ ነው ያለችሽ እውነት አይደለም። እጮኛሽ ወላጆቹን ይዞ የመጣ ዕለት፣ ምሳ ላይ ያንኑ አካሄድ ስሠራ ትዝ ይልሻል? አንቺ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ፤ አማቶችሽም አጨበጨቡልኝ። እሷ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ በዚያው ቀረች። ዕቃ የምታጥብ መስሎኝ ነበር። በዚያ እግር ሠርጉ ላይ ያን ሁሉ ሰው መሃል አቋርጪ፣ ባልሽም ዳክዬውን እየሠራ ከኋላሽ ይከተልሻል ብለን ነው እንግዲህ የጠራናት። አንቺን አልወቅስም፤ ያሳቅሁሽ እኔ ነኝ።

ነርሷ ጥፍሩን ቆርጣ አወጣችው፤ በየቀኑ የሚደረገውንም አሳየችኝ። አያትሽ ጎንበስ ማለት ስለማትችል ሥራው የኔ ሆኗል። ጉልበቴን ትራስ ላይ አሳርፌ አጥባታለሁ፤ ጣት በጣት አደርቃለሁ፤ ተረከዟን ቅባት እቀባለሁ። የመጀመሪያው ቀን ቀና ብዬ ፊቷን ማየት ስላቃተኝ እግሯን እያየሁ "ይቅር በይኝ" አልኩ። ሳቀችና በፎጣው አናቴን መታችኝ፤ "አንተ ሽማግሌ፣ እግር መቼ ጆሮ አለው?" አለችኝ።

ዛሬ ነርሷ ቁስሉን ልታይ ተመልሳ መጥታ ነበር። ስትወጣ አያትሽ በር ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለሠርጉ ቀን ጫማ ማድረግ እችል ይሆን ብላ ጠየቀቻት። ፊቱ ሰፊና ለስላሳ ከሆነ ይችላሉ አለቻት። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

እባክሽ ደውዪላት። የእግሯን ነገር እንዳታነሺ፤ መንገሬን ካወቀች አለቀልኝ። ያለ አንቺ አይሆንም በያት፣ በቃ። በሠርጉም ቀን "አባባ፣ ያቺን ዳክዬ!" የሚል ከተገኘ አንቺው ዝም አሰኚልኝ፤ እኔ እምቢ ማለትን ገና እየተማርኩ ነው።

ቤትሽ የሰፋ፣ ደጅሽ ሰው የማይጠፋበት ይሁን። ጎንሽ የሚቆመው ሰው ዝም ስትዪም የሚሰማሽ ይሁን።

ወንዱ አያትሽ

ፖስታውን ሳላሽገው አንድ ነገር። ሳቀች፣ በፎጣ መታችኝ ያልኩሽን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አልሳቀችም። ሁለተኛውን እግሯንም ሳፋው ውስጥ ከተተችው።